የጓሮ ዶሮ መንጋ የሚባለው ምንድን ነው?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የልማት ሠራተኛው «ስንት ዶሮ አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የቤቱ እመቤት «ሦስት» ብትለው ዋሸች አይባልም። የቆጠረችው የሚጥሉትን ብቻ ነው። አውራው፣ ቄቡና ጫጩቱ ሲታከል አሥራ አምስት ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ በየዓይነቱ ለይቶ መጻፍ ይገባል። ያገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስለምትጥል የእንቁላሉ ግምት የሚሠራው በእናቶቹ ቁጥር ነው።

ለክትባት ግን ይህ አቆጣጠር አይበቃም። ዶሮዎቹ የሚያድሩት በየቤታቸው ቢሆንም ሲጭሩ የሚውሉት ከጎረቤት ዶሮ ጋር ነው። ፈንግል አንድ ግቢ ከገባ ያልተከተበውን የሰፈር ዶሮ ጠራርጎ ሊፈጅ ይችላል። በእኛ አስተያየት መንጋ ማለት አብሮ የሚጭረው ሁሉ ነው።

ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ለነገ አይቀመጥም፤ የቆላው ሙቀትም ቶሎ ያበላሸዋል። ለሦስት ዶሮ ብልቃጥ መክፈት ኪሳራ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቀን ቆርጦ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ማለዳ ሰፈሩን በሙሉ ቢያስከትብ ይሻላል። ጫጩቶቹም አይዘለሉ። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከመንጋው ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።