ሰልፍ ያልፋል፣ ድንጋይ ይቀራል

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር መንገድ ስለ መዝጋት ስትማከሩ ሰምቼ ነው የምጽፍልህ። ሰልፍ አትውጣ አልልህም፤ እኔም በጊዜዬ ወጥቻለሁ። እነዚህን ስድስት ነገሮች ግን ያዝልኝ።

1. መብትህን አትጠራጠር። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» የተባለ ድብልቅ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣብን ወላይታ ሶዶ ነቅሎ ወጣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ግን ተነሣ፣ በ1993 ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። ዝም ብንል ኖሮ ማን ይሰማን ነበር?

2. ሕገ መንግሥቱን ገልጠህ አንብብ። አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰለፍን ይፈቅዳል። ትንሽ ወረድ ስትል አንቀጽ 32 አለ፦ በነፃነት መዘዋወር። ሁለቱም ያንተ ናቸው፤ ሁለቱም ሚኒባስ ውስጥ ለተቀመጠው መንገደኛም ናቸው።

3. ቀድመህ አሳውቅ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቅ ይላል እንጂ ፈቃድ ጠይቅ አይልም። አስተዳደሩ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ገልጾ ቦታና ጊዜ ቀይሩ ሊልህ ይችላል፤ ጨርሶ መከልከል ግን አይችልም። ገቢ የተደረገበትን የደብዳቤህን ቅጂ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

4. ሶዶ መገናኛ መሆኗን አስብ። የሻሸመኔ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭና የሳውላ መንገድ እዚህ ይገጥማል። እዚህ ሲዘጋ የአርባ ምንጭ ሙዝ አይሱዙ ላይ ይጠቁራል። ነጋዴው ደግሞ አንተ የምትከሰውን ባለሥልጣን አያውቀውም።

5. ድንጋይ አትደርድር። ሰልፈኛ አስፋልቱን ቢሞላም ያልፋል፤ አምቡላንስ ሲመጣ ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፋል። ድንጋይ ጆሮ የለውም። አንድ ጊዜ ሰልፉ ተበትኖ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት ባጃጅ ተረስቶ ከቀረ ድንጋይ ጋር ተላትማ ስትገለበጥ አይቻለሁ። ከውስጧ ያወጣናቸው ከገበያ የሚመለሱ የሰፈራችን እናት ነበሩ። ቲማቲማቸው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ደም መስሎን ደንግጠን ነበር።

6. አንድ ቀን ወንበር ላይ ከተቀመጥክ ይህንን አስታውስ። በነሐሴ 2012 የክልልነት ጥያቄ የያዙ የዞኑ አመራሮች ሲታሰሩ ሕዝብ ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ፣ የትራፊክ መስተጓጎል ብቻውን ሁከት አይባልም ብሎ ነበር። የተዘጋ መንገድ በአንድ ቀን ይከፈታል፤ የሞተ ልጅ አይመለስም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄህን ይዘህ ውጣ፣ ለመንገደኛም ጎን ተውለት። ስትመለስ ዞር ብለህ አስፋልቱን እይ፤ የቀረ ድንጋይ ካለ፣ ያንተም ባይሆን፣ አንሥተህ ግባ።