ቲ ስለሚባሉት የደም ጠባቂዎች

በመቱና በጎሬ፥ በበደሌና በቡሬም አገር፥ በቆሎው እሸት በያዘ ጊዜ ገበሬው ከማሳው ዳር ማማ ሠርቶ ቀን ከዝንጀሮ፥ ሌሊት ከከርከሮ ይጠብቃል። በማማው ላይ ያለው ሰው ብቻውን አውሬውን ሁሉ ማባረር አይችልም፤ ነገር ግን አይቶ በጮኸ ጊዜ ጎረቤቱ ይነሣለታል። በሰውም ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባቂ አለ፤ ሊቃውንት ቲ ሕዋስ ይሉታል።

ቲ ሕዋስ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ነው። የሚወለደው በአጥንት መቅን ውስጥ ሲሆን፥ የሚማረው ግን ከደረት አጥንት በስተኋላ ባለች ታይመስ በምትባል እጢ ነው፤ ቲ የሚለውም ስም ከእርስዋ የተወሰደ ነው። ዣክ ሚለር የተባለ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ሥራዋን እስኪገልጥ ድረስ እጢይቱ ጥቅም የሌላት ትመስል ነበር። በዚያ ከሚማሩት የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው፤ የገዛ ሰውነቱን እንደ ጠላት የሚያይ ይጠፋል፤ ምንም የማይለየውም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ጽኑ ፈተና በየትኛውም ትምህርት ቤት የለም።

ከእነርሱ አንዳንዶቹ በደዌ የተያዘውን ሕዋስ ራሳቸው ይገድላሉ። ሌሎቹ ግን ረዳቶች ይባላሉ፤ እንደ ማማው ሰው የቀረውን ሠራዊት ያስነሣሉ።

የረዳቶቹን ሥራ የሳንባ ነቀርሳ በግልጥ ያሳያል። በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲ ከሚያስለው ሰው ወጥቶ በትንፋሽ ይገባል፤ በረጅሙ ክረምት ቤተ ሰቡ በር ዘግቶ እሳት ዳር ሲሰበሰብ መንገዱ ይቀናዋል። ቢገባም ብዙውን ጊዜ አያሸንፍም፤ ረዳቶቹ ሌሎችን ጠርተው ዙሪያውን እንደ አጥር ያስከብቡታል፤ ሰውየውም ሳይታመም ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ተሐዋሲው ግን በአጥሩ ውስጥ ሳይሞት ሊቈይ ይችላል።

ኤች አይ ቪ የሚባለው ቫይረስ የሚያጠፋው እነዚህኑ ረዳቶች ነው። በጤነኛ ሰው ደም በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ከ500 እስከ 1500 ያህል ይገኛሉ፤ እየቀነሱ ሲሄዱ አጥሩ ይላላል፤ ከ200 በታች ሲወርዱ እጅግ ያሰጋል። ያን ጊዜ ተኝቶ የነበረው ነቀርሳ ይነሣል። ስለዚህ ሽማግሌዎች «ብርድ መትቶት ነው» የሚሉት ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው፥ ሕመምተኛው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መቱ ሆስፒታል ሄዶ አክታውን ያስመርምር፤ ደሙንም እንዲሁ። የነቀርሳው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፤ በሁለተኛው ወር «ተሻለኝ» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ ደዌውም በርትቶ ይመለስበታል። የቫይረሱ መድኃኒት በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ቫይረሱን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት ለሚወስደው ሰው ረዳቶቹ ሕዋሳት እንደ ገና ይበዙለታል።