ምርኩዝም ልክ አለው

ጫማ በልክ ይገዛል፤ ሱሪ በልክ ይሰፋል። ምርኩዝ ግን ከአጥር ተመዞ ወይም ከሟች ተወርሶ ዝም ብሎ ይያዛል። በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ከሚማሩት መካከል አንድ አባባ ነበሩ። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የሚመረኮዙት ከአባታቸው የወረሱትን ረዥም የወይራ ዱላ ነው፤ የሚይዙትም በቀኝ እጃቸው። ውሎ ሲያድር ትከሻቸውም ያዛቸው። ቁልቁለቱን መውረድ አቅቷቸው ከትምህርት ቀሩ። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለ።

እኔ አንድ ጊዜ እግሬ ተሰብሮ ሳለ አንዲት የሕክምና ባለሙያ የምርኩዝ አያያዝ አሳይታኝ ነበር። የማካፍላችሁ ያንን ነው።

መጀመሪያ ልኩ። ሰውየው የዘወትር ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እጁን ወደ ታች ይልቀቅ። የምርኩዙ መያዣ የእጁ አንጓ ከሚታጠፍበት መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን ምርኩዙን ሲጨብጥ ክርኑ ጥቂት እጥፍ ይላል፤ መሬቱን ገፍቶ ለመደገፍ ይመቸዋል። ምርኩዙ ከረዘመ ትከሻን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ካጠረ ያጎብጣል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይስተዋል። የታመመው ቀኝ እግር ከሆነ ምርኩዙ የሚያዘው በግራ እጅ ነው። አባባ ይህን ስነግራቸው «የታመመው ወዲህ፣ ድጋፉ ወዲያ? ምን ዓይነት ትምህርት ነው ልጄ?» ብለው ሳቁብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስንራመድ ቀኝ እግር ሲቀድም ግራ እጅ አብሮት ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ምርኩዙና የታመመው እግር እኩል መሬት ይነካሉ፤ ክብደቱንም ይካፈሉታል። በታመመው በኩል ከተያዘ ግን ሰውነት ወደዚያው ያዘነብላል።

ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም። ሲወርዱ ደግሞ ምርኩዙና የታመመው እግር ይቅደሙ። የምርኩዙን ጫፍ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ማልበስ ከመንሸራተት ያድናል፤ ጎማው ሲያልቅ ይለወጥ።

በብብት ሥር የሚገባውን ክራንች የሚይዙም አሉ። የክራንቹ ጫፍ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፤ ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ ነው። በብብቱ የሚንጠለጠል ሰው እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል። ከዚያ እጁ ይደነዝዛል፤ አንጓውን ወደ ላይ ማንሣት ያቅተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በድንገት ባንድ ጎኑ የዛለ ወይም አፉ የተጣመመ ሰው ካያችሁ ምርኩዝ አትፈልጉለት፤ በቶሎ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ወደ አባባ ልመለስ። «የአባቴን ዱላ አላስቆርጥም!» ብለው እምቢ አሉ። እውነትም አይፈረድባቸውም። ልጃቸው ሌላ እንጨት ቆርጦ መጣ። እኔ ግን በባዶ እግራቸው ለክቼ ኖሮ፣ በረባሷቸውን ሲያደርጉ ምርኩዙ አጠረ። ያ ጥሩ እንጨት በእኔ ጥፋት ማገዶ ሆነ። ሁለተኛው ልክ መጣ። በግራ መያዙን እስኪለምዱት ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲያማርሩ ሰነበቱ፤ በኋላ ግን ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወርደው ክፍል ገቡ።

የአባታቸው ዱላ አልተቆረጠም። ለበዓል ይይዙታል፤ ያውም በቀኝ እጃቸው።

ጥያቄ፦ ግራ ዳሌዋን የሚያማት ሴት ምርኩዟን በየትኛው እጇ ትያዝ? ደረጃ ስትወርድስ የትኛው እግሯ ይቅደም?