ሚዛንና ምስክር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አደራ ነው። ሰው ምድርን እንዲያለማና እንዲጠብቅ አደራ እንደ ተቀበለ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አደራው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለበት፦ በዓይኔ ያላየሁትን፣ እግሬ ያልረገጠውን ምድር እንዴት አድርጌ ልጠብቅ? አያቶቻችን የሚበሉት እህል የበቀለበትን ማሳ ያውቁታል፤ የአራሹንም ስም ያውቃሉ። በሃምቡርግ ወይም በሪያድ ቡና የሚጠጣ ሰው ግን ፍሬው ከየትኛው ጓሮ እንደ ተለቀመ፣ ለእርሱ ሲባል ደን ተመንጥሮ እንደ ሆነ አያውቅም። ሳያውቅ በመልካሙ ይካፈላል፤ ሳያውቅ በጥፋቱም ይካፈላል።

ይህን በቡና ምሳሌ እንማረው። ቡና የገዛ ምድራችን ፍሬ ስለ ሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባናል።

አንድ ገበሬ ቀይ እሸት ቡና ለቅሞ ለሰብሳቢ ይሸጣል። ሰብሳቢው የሃያ ሠላሳ ጎረቤት እሸት ባንድ ላይ አድርጎ ለአቅራቢ ያስረክባል። አቅራቢው አስፈልፍሎ፣ አጥቦ፣ በአልጋ ላይ አድርቆ አዲስ አበባ ላለው ላኪ ይሸጣል። ላኪው አበጥሮና አስለቅሞ በ60 ኪሎ ጆንያ ያሽገዋል። 320 ጆንያ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሞላና በጅቡቲ በኩል ባሕር ይሻገራል። የአቅርቦት ሰንሰለት የሚባለው ይህ ነው። አሁን እናስላ። 320 ጆንያ 19,200 ኪሎ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት ሦስት ኩንታል ንጹሕ ቡና ያገኛል እንበል፤ ኮንቴይነሩ የ64 ቤተሰብ የዓመት ልፋት ይዟል ማለት ነው። ቡናው በየደረጃው ስለሚቀላቀል ግን የብዙ መቶ ሰው ፍሬ ይገኝበታል። ከእነዚያ መቶዎች አንዱ ትናንት ደን መንጥሮ የተከለ ቢሆን ማን ይለየዋል?

«ዘላቂ» የሚለውን ቃል በየስብሰባው ስለምንሰማው ትርጉሙ ሳስቶብናል። በቡና ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው፦ ዘንድሮ ፍሬውን ያሳደገው ጥላ፣ አፈርና ውኃ ለከርሞም ይኑር፤ የለቀመውም ሰው ከርሞ ተመልሶ ለመልቀም የሚያበቃ ኑሮ ይኑረው። አረቢካ ቡና ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ በዱር ይበቅላል። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። እነዚህ ደኖች ቢጠፉ የሚዘጋው የዓለም ቡና ሁሉ በሽታና ድርቅ ሲመጣበት መድኃኒት የሚሆን ዘር የሚፈልግበት ጎተራ ነው። ስለዚህ የቡናው መንገድ ጉዳይ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ደንብ አወጣ። ቡናን ጨምሮ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና ከብት ወደ ገበያው ሲገቡ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ደን ተጨፍጭፎበት ከነበረ መሬት አለመምጣታቸው እንዲረጋገጥ ያዛል። ማረጋገጫውም የያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ ነው። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል፤ ጥያቄው ግን አልተገፋም። ምንጩ ከታወቀ ቡና ጋር ምንጩ ያልታወቀ አንድ ጆንያ ቢደባለቅ፣ ሁሉም ምንጩ እንዳልታወቀ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ትምህርታችን ወደ ምስክርነት ይሄዳል። የጥንቱ ሕግ አንድ ምስክር ብቻውን እንዳይበቃ አዝዟል። ምክንያቱ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ እውነተኛ ምስክርም ቢሆን ከቆመበት ቦታ የሚታየውን ብቻ ነው የሚያየው። ዲጂታል ቴክኖሎጂም ለእኔ ምስክር ነው። ደን አይተክልም፤ ወንዝም አያጠራም። ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን አይናገርም። እንግዲህ የእያንዳንዱን ምስክር ዓይን በትዕግሥት እንመርምር።

የመጀመሪያው ምስክር በገበሬው ማሳ ላይ የሚቆመው ስልክ ነው። ጂፒኤሱ ከሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ የማሳውን መገኛ በቁጥር ይጽፋል። የአውሮፓው ደንብ ከአሥርዮሽ ነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይጠይቃል። የቁጥሩን ትርጉም እንረዳ፦ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ አሃዝ ርቀቱን ለአሥር ይካፈለዋል፤ ስድስተኛው አሃዝ ላይ ስንደርስ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ከስንዝር ያነሰ ነገር ይቀራል። ተራ ስልክ ግን በገላጣ ቦታ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ ከዋንዛና ከብሳና ጥላ ሥር ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል። ስልኩ ስድስቱንም አሃዝ ይጽፋል እንጂ ስድስቱንም አያውቅም። ከዚህ የሚብሰው ፈተና ሌላ ነው። መዝጋቢው ደክሞት ነጥቡን ከገበሬው ደጃፍ ላይ ወስዶ ቢሄድ፣ ቡናው ያለው ደግሞ ከወንዝ ማዶ በደኑ ጥግ ቢሆን፣ ቁጥሩ ፍጹም ሆኖ ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። ድንበር የሚመሰክር ሽማግሌ በእግሩ ሄዶ ድንጋዩን እንደሚነካ ሁሉ መዝጋቢም ማሳው ውስጥ መግባት አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደንቡ ዙሪያው እንዲለካ ይጠይቃል፤ ከዚያ ለሚያንሰው ግን አንድ ነጥብ ይበቃል። የእኛ ገበሬ አብዛኛው በሁለተኛው ወገን ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከሰማይ ያያል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አሉ፤ ጥንድ ሆነው አንዱን ቦታ በየ5 ቀኑ ያዩታል፤ በምስላቸው አንዱ ነጠብጣብ የ10 ሜትር ስፋት አለው። በክረምት ደመና ሲጋርዳቸው ራዳር የያዘው ሴንቲኔል-1 በደመናው ውስጥ አልፎ ያያል። ትልቅ ጸጋ ነው፤ የትናንቱን ደን ከዛሬው ጋር ማስተያየት ተችሏልና። ነገር ግን የእኛ ቡና በጥላ ሥር የሚኖር ቡና ነው። ከላይ ላየው ሳተላይት የቆየ የጓሮ ቡና ደን ይመስላል። ገበሬው ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል ወይም የጥላ ዛፉን ሲያሳሳ ደን የጨፈጨፈ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ሌላው ሰው ትልልቁን ዛፍ ትቶ ከሥሩ ያለውን ችግኝ ሁሉ ነቅሎ ቡና ሲተክል፣ ደኑ ተተኪ አጥቶ እየሞተ ሳለ ከላይ ደህና ይመስላል። ለንጹሑ ሰው ክስ፣ ለአጥፊው ነጻ መውጫ ሊሆን የሚችል ምስክር ብቻውን እንዲፈርድ መተው በደል ነው። የቀበሌው ሰው ሄዶ ማየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ምስክር ሚዛን ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው እርሱን ነው፤ ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ያልተማረ የለምና። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይሰጣል። ግብይቱ በስልክ ወይም በታብሌት ሲመዘገብ ይህ ስሌት ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 9,000 ኪሎ እሸት አስረከበ ተብሎ ቢጻፍ፣ 15 ኩንታል ንጹሕ ቡና ማለት ነው፤ በጓሮ ቡና ከግማሽ ሄክታር ይህን ማግኘት የማይታሰብ ነው። የሌላ ቦታ ቡና በእርሱ ስም ገብቷል ማለት ነው። ነጥቡም ሳተላይቱም ይህን አያዩም፤ ማሳው እውነተኛ፣ ደኑም ያልተነካ ነውና። ያጋለጠው ሚዛኑ ነው።

ስለ ብሎክቼይን ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ። አንዴ የተጻፈው መዝገብ በድብቅ እንዳይፋቅ ያደርጋል፤ ይህ መልካም ነው። የተጻፈው እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። በሐሰት ለተጀመረ መዝገብ የማይፋቅ መሆኑ ሐሰቱን ያጸናዋል።

ሦስቱም ምስክሮች የማያዩት ነገር አለ። እሸት ሲታጠብ የሚወጣው ገለባና የቆሸሸ ውኃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ውኃው ይሸታል፤ በውስጡ ያለው አየር ያልቅና ሕይወት ያለው ብዙው ይሞታል። ከማጠቢያ ጣቢያው በታች የሚኖሩ ሰዎች ከዚያው ወንዝ ይቀዳሉ፤ ከብታቸውም ይጠጣል። የማሳው ነጥብ ግን ንጹሕ ነው፤ ቡናው ያለ እንቅፋት ባሕር ይሻገራል። የውኃውን ጥራት የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ ገዢው ካልጠየቀ ግን የሚገጥማቸው ጥቂት ነው። የሚለካው ነገር የማይለካውን እንዳያስረሳን እፈራለሁ።

አሁን ወደ ፍትሕ እንምጣ። ይህን ሁሉ ለመመዝገብ ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ወጪውን መጀመሪያ የሚያወጣው ላኪው ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየን ነው፤ ከዚያ በእሸቱ ዋጋ ላይ እየተቀነሰ ገበሬው ላይ ያርፋል። ገዢውም የብዙ ሺህ ትንንሽ ማሳ መረጃ ማሰባሰብ ከከበደው ወደ ሰፋፊ እርሻዎች ፊቱን ያዞራል። ያኔ ደኑን በጥላው ጠብቆ ያቆየው ሰው ማስረጃ አጣ ተብሎ ይቀጣል። ሌላም አለ፦ ማሳዬን የለካው ላኪ ነጥቡን በራሱ ኮምፒውተር ቢቆልፈው፣ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሚሰጠኝ መሸጥ አልችልም። የገዛ መሬቴ ምስክርነት በሰው እጅ ማሰሪያ ሆነብኝ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር የዋጋ መረጃን ለገበሬው አቅርቧል፤ ቡናው ግን በአካባቢና በደረጃ እየተቀላቀለ ስለሚሸጥ የገበሬው ስም ከጆንያው ጋር አይጓዝም ነበር። ዛሬ ስሙ እንደገና መጓዝ ጀምሯል። ስሙ ሲጓዝ ባለቤቱ አብሮ ይታወቅ ዘንድ ይገባል።

ስለዚህ በግዢ ቀን በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ደጅ እንዲህ ይደረግ። መዝጋቢው ሚዛኑን በሰው ሁሉ ፊት በታወቀ ክብደት ይፈትሽ። ገበሬው ቁጥሩን ራሱ እንዲያየው ሚዛኑ ወደ እርሱ ይዙር። በመዝገቡ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይግባ፤ እሸቱን የለቀመችው፣ አልጋው ላይ ያገላበጠችው እርሷ ናትና። የማሳው ነጥብ፣ ኪሎው፣ ዋጋውና ቀኑ ታትሞ ለሻጩ ይሰጥ፤ ማንበብ ለማይችለውም ልጁ ወይም ጎረቤቱ ባለበት ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ያ ወረቀት በቤቱ ከመሬት ደብተሩ ጋር ይቀመጥ።