የርዳታ እህል ከወደብ እስከ ተረጂው እጅ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በአገራችን ድርቅ በገባ፥ አዋሽ ከዳርቻው አልፎ በወጣ ወይም ምድር በተንቀጠቀጠ ቁጥር ተማሪው ከኪሱ፥ ነጋዴው ከሱቁ፥ ሠራተኛው ከደመወዙ ያዋጣል። መዋጮው በተሰበሰበ ማግሥት ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም «ለመሆኑ ለተቸገረው ይደርሳልን? ወይስ በመንገድ ይቀራል?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን የሚጠይቀው ለማወቅ ነው፤ አንዳንዱ ግን ላለመስጠት ምክንያት እንዲሆነው ነው። እኛ የምንጠይቀው ለማወቅ ስለሆነ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትለን እንመርምረው።

ጥያቄው ለእኛ ለአዳማ ልጆች ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው እህል በአዋሽና በመተሐራ አልፎ በከተማችን በኩል ይገባል። ከዚህም የተነሣ ከተማችን ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን የርዳታና የመጠባበቂያ እህል ከሚከማችባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አንዷ ነበረች። መከራውም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኦሮሚያና ከአፋር ወረዳዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል።

የርዳታውን ጉዞ የተከታተለ ሰው፥ እህሉ ወይም ገንዘቡ የሚጎድልባቸውን አራት በሮች ያገኛል። እነዚህን አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው በር መጓጓዣ ነው። እህል ከባድ ዕቃ ነው። ከአሜሪካ ማሳ ተነሥቶ በመርከብ ወደ ጅቡቲ፥ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘን ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም በአህያና በሰው ጀርባ ወደ ቤት እስኪገባ ድረስ በየእርምጃው ገንዘብ ይጠይቃል። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ባወጣው ዘገባ፥ በአገሩ ትልቁ የምግብ ርዳታ ፕሮግራም ከሚወጣው ገንዘብ ከመቶው 65 ያህሉ ለመጓጓዣና ለሥራ ማስኬጃ እንደሚውል ገልጿል። ከመቶ ብር 35ቱ ብቻ እህል ሆነ ማለት ነው። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ለተራበው ግን ከስርቆት ያላነሰ ጉድለት ነው። መፍትሔው በሚቻልበት ጊዜ እህሉን ከቅርብ ገበሬ መግዛት፥ ገበያው እህል ካለውም ለተረጂው በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፥ በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከልክ አላለፈም ነበር፤ ሕዝቡን የገደለው መግዣ ማጣቱ ነበር። ገበያው ባዶ በሆነበት ስፍራ ግን ገንዘብ ማደል ዋጋውን ከማናር በቀር ስለማይጠቅም እህሉ ራሱ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው በር ጊዜ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ የዘገየ ርዳታ ሙሉ ሆኖ ቢመጣም የሞተውን አያስነሣም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ብርቱ ረሀብ መምጣቱን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። ዓለም በሰፊው የተነሣው ግን ቢ.ቢ.ሲ. በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቆረምን ሕዝብ ሥቃይ በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንዲህ ያለውን መዘግየት ለማሳጠር የታሰበው መንገድ የእህል መጠባበቂያ ነው። አሠራሩም እንደ ብድር ነው፤ ርዳታ እንደሚመጣለት ቃል የተገባለት ድርጅት ከመጋዘኑ እህል ተበድሮ ወዲያው ያድላል፥ መርከቡ ሲደርስ ደግሞ ይመልሳል። ስለዚህ የተራበው ሰው መርከቡ ባሕር እስኪያቋርጥ አይጠብቅም። ተበዳሪው በጊዜው ካልመለሰ ግን ለሚቀጥለው ክፉ ቀን መጋዘኑ ባዶ ይሆናል።

ሦስተኛው በር የስም ዝርዝር ነው። እህሉ በደኅና ወረዳ ደርሶ፥ አንዲት ኩንታል ሳትጎድል ታድሎ ሳለ፥ ለተቸገረው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ አሰጣጥን መርምሮ፥ በቤተሰቡ የምግብ እጥረትና ርዳታ በማግኘቱ መካከል የጎላ ተዛምዶ አላገኘም። በብዛት ካገኙት መካከል በጣም የተቸገሩም፥ የተሻለ ኑሮ ያላቸውም ነበሩ። ርዳታው ቀድሞ ወደሚያውቃቸው ስፍራዎች እየተመላለሰ፥ አዲስ የተቸገሩትን ሳያይ ማለፉንም ገልጿል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሌባ ብቻ አይደለም፤ የልማድም ነው። የተፈናቀለ ሰው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በለቀቀው ቀበሌ የተጻፈ ስም ባረፈበት ቀበሌ ላይገኝ ይችላልና። በተለይም ከብቱን ይዞ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚሄደው አርብቶ አደር በመዝገብ ለመያዝ ያስቸግራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተዘረጋው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ለዚህ ያበጀው ሥርዓት አለ፤ የተመረጡት ሰዎች ስም በሕዝብ ፊት እንዲታወቅና ቀረሁ የሚለውም አቤት የሚልበት ኮሚቴ እንዲኖር ነው። ጎረቤት ማን እንደተራበ ያውቃልና ይህ ቀላል ጥበብ አይደለም።

አራተኛው በር ስርቆት ነው። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ የተራድዖ ድርጅት፥ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ.፥ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ ርዳታ በሙሉ ማቆሙን አስታወቀ። ምክንያቱም ለተቸገሩት የመጣው እህል በሰፊውና በተቀነባበረ መንገድ ወደ ሌላ መዋሉን ደርሼበታለሁ የሚል ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በማግሥቱ እንዲሁ አደረገ። ርዳታው ለሕዝቡ በጠቅላላ እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲሆን፥ ተረጂዎችን እንደ አዲስ መመዝገብን፥ ከረጢቶች ላይ ምልክት ማድረግንና ጥብቅ ክትትልን የመሰሉ አዳዲስ ደንቦች ወጡ። ድርጅቱ ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘግቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ዓመት በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የምግብ ርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ርዳታው ሲቆም የተቀጣው ማን ነው? የሰረቀው ሰው ቤቱ እህል አላጣም፤ ሳይበሉ ያደሩት የተሰረቁት ናቸው። «በአይጥ ጦስ ዳዋ ተመታ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሌባን መዝጋት ተገቢ ሆኖ ሳለ፥ በሩን ሁሉ መዝጋት ግን በተራበው ላይ ሌላ ፍርድ ነው።

ሐሜትም ቢሆን ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ቢ.ቢ.ሲ. በ2002 ዓ.ም. ስለ 1977ቱ ርዳታ ባሰማው ፕሮግራም፥ ለትግራይ ረሀብተኞች ከተሰጠው ገንዘብ አብዛኛው ለመሣሪያ መግዣ ውሏል የሚል ክስ አሰምቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግን ባንድ ኤይድ የተባለው ማኅበር የሰበሰበው ገንዘብ ለዚያ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳልነበረው አምኖ ማኅበሩን ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ ስርቆት ሲኖር በማስረጃ መናገር፥ ማስረጃ ሳይኖር ደግሞ አለመናገር ሁለቱም ግዴታዎች ናቸው።

ታዲያ ይደርሳልን? መልሳችን፥ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጎድሎ፥ አንዳንዴም ዘግይቶ፥ አንዳንዴም ላልተቸገረው ይደርሳል የሚል ነው። ከአራቱ በሮች ስርቆት አንዱ ብቻ ነው። «ሌቦች ይበሉታል» ብሎ እጁን የሚሰበስብ ሰው የቀሩትን ሦስቱን አላያቸውም፤ የሚሰጥና ዞሮ የማይጠይቅ ሰውም እንደዚሁ።

ከዚህ ትምህርት ለእኛም የሚተርፍ ሥራ አለ። በትምህርት ቤታችን መዋጮ ሲሰበሰብ ገንዘቡ በመምህርና በተማሪዎች ፊት ይቆጠር፤ ድምሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከተቀባዩም ደረሰኝ መጥቶ ከጎኑ ይለጠፍ። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የሚጎድለው ምን እንደሆነ የተቸገሩትን እንጠይቅ። ዛሬ ሃምሳ ብር መቁጠርና ማስቆጠር የለመደ ተማሪ ነገ የወረዳ መጋዘን ቁልፍ ቢሰጠው አያሳፍርም፤ የተረጂዎች ዝርዝር ሲነበብም ያልተጠራውን ድኻ ስም ለመጥራት አይፈራም።

ሰጪ ሁሉ ጥያቄውን ይያዝ፤ እጁን ግን አይሰብስብ።