የባሕር ኮከብ የተቆረጠ ክንዱን ያበቅላል፤ እኛስ?

የሳይንስ አምዳችን ዛሬ ከደሴም ከኮምቦልቻም ራቅ አድርጎ ወደ ባሕር ይወስዳችኋል። ከዚያ ወደ ድንች ማሳ፣ ወደ ግቢያችን እንሽላሊት፣ በመጨረሻም ወደ ራሳችን አካል እንመለሳለን። ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ።

የባሕር ኮከብ ምንድን ነው?

በእኛ አካባቢ ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉ ሐይቆች አሉ። የባሕር ኮከብን ግን እዚያ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ምክንያቱም የሚኖረው በጨዋማ ባሕር ውስጥ ብቻ ነው። ለእኛ የሚቀርቡት ባሕሮች ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ናቸው። ከኮምቦልቻ ተነሥተው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርዱትን ከባድ መኪናዎች አይታችሁ የለ? እነሱ መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳሉ። ባሕሩ ያለው እዚያ ነው።

የባሕር ኮከብ ዓሣ አይደለም። የጀርባ አጥንት የለውም፣ አንጎል የለውም፣ እንደኛ ዓይነት ቀይ ደምም የለውም። አብዛኞቹ 5 ክንድ አላቸው፤ ከ20 በላይ ክንድ ያላቸውም አሉ። አፉ ከሥሩ፣ በሰውነቱ መሃል ላይ ነው። በክንዶቹ ሥር በጣም ብዙ ትንንሽ እግሮች አሉት፤ እነሱን የሚያንቀሳቅሳቸው በሰውነቱ ውስጥ ባሉ ቱቦዎች የሚሄድ ውሃ ነው። ሌላው የሚገርመው ነገር ዓይኑ ያለው በየክንዱ ጫፍ መሆኑ ነው! እንደኛ አጥርቶ አያይም፤ ብርሃንና ጥላን ግን ይለያል።

ብሪትል ስታር የሚባል ዘመድም አለው። እሱ ክንዶቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ እንደ እባብ እየተጥመዘመዙ ይሄዳሉ። ስሙ “ቶሎ የሚሰበር ኮከብ” ማለት ነው፤ ሲነኩት ክንዱ ቀንጠስ ስለሚል ነው እንዲህ የተባለው።

ክንዱ ለምን ይቆረጣል?

አንዳንድ ጊዜ ዓሣ ወይም ሸርጣን ይነክሰዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ራሱ ነው የሚጥለው። ጠላት አንዱን ክንድ ሲይዘው፣ ክንዱን እዚያው ትቶ ያመልጣል። “ሙሉ ሰውነቴ ከሚበላ አንድ ክንዴ ይብላ” እንደማለት ነው።

አዲሱ ክንድ እንዴት ይበቅላል?

አንደኛ፣ ቁስሉ ይዘጋል። በዙሪያው ያለው ሥጋ ይኮማተርና በውስጡ ያለው ፈሳሽ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ከዚያ አዲስ ቆዳ ይሸፍነዋል።

ሁለተኛ፣ በተቆረጠው ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ትወጣለች። ከጦሳ ሥር የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ አይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያ አድርጋችሁ አስቡት።

ሦስተኛ፣ እብጠቷ ታድጋለች። የባሕር ኮከብ ላይ ቀድሞ የሚሠራው የክንዱ ጫፍ ነው፤ መሃሉ ቀስ እያለ ይሞላል። ነርቩ፣ የውሃ ቱቦው፣ ትንንሾቹ እግሮች ሁሉ እንደገና ይሠራሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሆንም። የባሕር ኮከብ አንድ ክንድ እስኪሞላለት ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ የሚበላው ምግብ ለአዲሱ ክንድ ስለሚውል ሌላው እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ክንድ ማብቀል በነፃ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ እንስሳው ዋጋ ይከፍልበታል።

የተቆረጠው ክንድስ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ በድንች እንመልሰው። ገበሬዎች ዘር ድንች ቆርጠው ሲተክሉ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ዓይን መኖር አለበት፤ ዓይን የሌለው ቁራጭ አይበቅልም። የባሕር ኮከብም እንዲሁ ነው። ለአብዛኞቹ ዝርያዎች የተቆረጠው ክንድ አዲስ እንስሳ የሚሆነው ከመሃሉ ሰውነት የተወሰነ ክፍል ይዞ ከሄደ ብቻ ነው። ካልያዘ ይሞታል።

ሊንኪያ የሚባለው ዝርያ ግን ይለያል። ከአንድ ክንድ ብቻ ሙሉ ሰውነት ማብቀል ይችላል! አንድ ትልቅ ክንድና አራት ትንንሽ አዲስ ክንዶች ሲኖሩት ጅራታም ኮከብ ይመስላል። ይህ ዝርያ በቀይ ባሕርም ይገኛል።

በመስታወት ገንዳ ውስጥ

በሌሎች አገሮች እነዚህን እንስሳት አኳሪየም በሚባል የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያኖራሉ። አኗኗሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የውሃው ጨውና ሙቀት ድንገት ከተለወጠ እንስሳው ይጎዳል፤ ክንዱንም ሊጥል ይችላል። ስለዚህ አዲስ የመጣ እንስሳ ወዲያው ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ የገንዳው ውሃ ወዳለበት ዕቃ ጠብ ጠብ እየተደረገ በቀስታ ይለማመዳል።

ክንዱ ቢቆረጥስ? ቁስሉ ንጹሕ ከሆነ፣ እንስሳው ከተንቀሳቀሰና ከበላ፣ መድኃኒቱ ንጹሕ ውሃና ትዕግሥት ነው። ቁስሉ እየነጣና እየሰፋ ከሄደ ግን በሽታ ሊሆን ይችላል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እንዲህ ያለ በሽታ ተነሥቶ እጅግ ብዙ የባሕር ኮከቦችን ገድሏል። ክንድ ማብቀል መቻል ከበሽታ አላዳናቸውም።

በእኛው ግቢ

ባሕር ባይኖረንም እንሽላሊት አለችን። ድመት ጅራቷን ስትይዛት ብዙ ዓይነት እንሽላሊት ጅራቷን ጥላ ትሮጣለች። የወደቀው ጅራት ለተወሰነ ጊዜ ይወራጫል፤ ድመቷ እሱን ስታይ እንሽላሊቷ ታመልጣለች። ከዚያ አዲስ ጅራት ይበቅላል፤ ነገር ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ውስጡ አጥንት ሳይሆን እንደ ጆሯችን ተጣጣፊ የሆነ ነገር ነው፤ ቀለሙም ይለያል።

እንሽላሊት በጅራቷ ውስጥ ስብ ታስቀምጣለች። ጅራቷ ሲቆረጥ ስንቋ አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ “ይበቅልላታል” ብለን በድንጋይ አንምታት። እስስት ደግሞ ጅራቷ ከተቆረጠ ፈጽሞ አይበቅልላትም።

እኛስ?

የሰው አካልም የተወሰነ ነገር ማደስ ይችላል። ቆዳችን ሁልጊዜ ይታደሳል፤ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል። ጉበት ደግሞ ከፊሉ በቀዶ ጥገና ቢወጣ የቀረው አድጎ መጠኑን ይመልሳል። ለዚህ ነው ጤነኛ ሰው ከጉበቱ ከፍሎ ለታመመ ሰው መስጠት የሚችለው።

ክንድና እግር ግን አይበቅሉም። ሰውነታችን ቁስሉን በጠባሳ ቶሎ ይዘጋዋል፤ እብጠቷ ሠርታ አዲስ ክንድ አታወጣም። ሳይንቲስቶች እነዚህን እንስሳት የሚያጠኑት አንዱ ምክንያት ይህን ልዩነት ለመረዳት ነው።

ለእኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን አልፏል። ጦርነት ባለፈበት ቦታ ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት በማሳ፣ በቦይ ወይም በፍርስራሽ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከብት ስንጠብቅ ወይም ስንጫወት የማናውቀው ብረት ካየን፦

1. አንንካው፣ አናንሣው፣ ድንጋይም አንወርውርበት።
2. ሌሎች ልጆችን “ተመለሱ!” እንበል፤ በመጣንበት መንገድ እንመለስ።
3. ቦታውን አስታውሰን ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለፖሊስ ወዲያው እንናገር።

“ብረቱን ሸጬ ደብተር እገዛበታለሁ” የሚል ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ደብተር ይገዛል፤ እጅ ግን አይገዛም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

በቤትም ቢላዋና ማጭድ ስንይዝ እንጠንቀቅ። ሰው ተቆርጦ ብዙ ከደማ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

እጅ ወይም እግር ያጣ ሰው ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ደሴ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ ይሠራል፣ መራመድም ያለማምዳል። የልጅ አጥንት ስለሚያድግ ሰው ሠራሽ እግሩ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ስለዚህ ወላጆች ልጁን እየመለሱ ማሳየት ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ጓደኛ ካለን አናፍጥጥበት፣ አንሳቅበት፤ ጨዋታችን ውስጥ እናስገባው። አካል መልሰን ማብቀል ባንችልም መደጋገፍ እንችላለን።

ጥያቄዎች

1. የባሕር ኮከብ ዓይኑ የት ነው?
2. የድንች ቁራጭና የባሕር ኮከብ ክንድ በምን ይመሳሰላሉ?
3. ጅራቷ ከተቆረጠ የማይበቅልላት ማን ናት?
4. ከፊሉ ቢወጣ አድጎ መጠኑን የሚመልሰው የሰው አካል ክፍል የትኛው ነው?
5. የማታውቁት ብረት ብታዩ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ስጡ። ትክክል የመለሱትን በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ እናነባለን። እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ!