ሴባስቶፖልን የተሸከመው ጋሪና የተቀየሰለት መንገድ፦ ከጋፋት እስከ መቅደላ የተደረገ የጭነት ጉዞ ስሌት

ስለ ሴባስቶፖል የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የሚያተኩረው በሁለት ክንውኖች ላይ ነው፦ ነሐሱ በጋፋት ቀልጦ ወደ ቅርጹ በፈሰሰበት ጊዜና መድፉ በመቅደላ ለውጊያው ፋይዳ ሳይሰጥ በቀረበት ጊዜ። በሁለቱ መካከል ያለው ከ160 ቀናት የበለጠ ጉዞ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ መድፉ «በብዙ ሰው ኃይል ተጎትቶ» መቅደላ እንደ ደረሰ ይነገርና ነገሩ ይዘጋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ዓረፍተ ነገር ይፈትሻል። በቀላል የሜካኒክስ ስሌት አማካኝነትም ከጉልበቱና ከጊዜው አብዛኛውን የወሰደው መጎተቱ እንዳልነበረ፣ የጉዞውን ፍጥነት የወሰነው የመንገድ ሥራው እንደ ነበረ ያመለክታል።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኝ ኮረብታማ ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም በወንጌል መልእክተኝነት የመጡ ነበሩ፤ ዋልድማየርና ሳልሙለር ከእነርሱ መካከል ይጠቀሳሉ። ለንጉሡ በመጀመሪያ ያስፈለጓቸው ለስብከታቸው ሳይሆን ለእጃቸው ሙያ ነበር። ሴባስቶፖል የዚህ ሰፈር ትልቁ ሥራ ሲሆን፣ መድፉ በተሠራበት ወቅት የንጉሡ ሥልጣን በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለ ጠባብ ምድር ተወስኖ ነበር። ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋ በምኒልክ እጅ ነበሩ። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በመስከረም ማብቂያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1867) ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ መድፋቸውን ይዘው ከሌሎች ኃይሎች ቀድመው አምባው ላይ መድረስ ነበረባቸው። ምኒልክ በዚያው እ.ኤ.አ. 1867 ማብቂያ ላይ እስከ መቅደላ ደጃፍ ቀርበው ተመልሰዋል፤ የእንግሊዝ ጦርም በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ መራገፍ ጀምሮ ነበር።

የጭነቱ ክብደት

ስሌቱ በክብደት ይጀምራል። የመድፉ ክብደት በአብዛኛው ወደ 7 ቶን እንደሚደርስ ይገለጻል፤ ይሁንና «70 ቶን» የሚል አኃዝም አልፎ አልፎ ይነበባል። ስሕተቱ ከ70 ኩንታል ጋር ከመምታታት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ማንኛውም አንባቢ ራሱ ሊያጣራው ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ነሐስ ወደ 8.7 ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ 7 ቶን ነሐስ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል። 70 ቶን ቢሆን ግን ወርዱም ቁመቱም ርዝመቱም 2 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ የሌለው ድፍን ጓል ይወጣው ነበር። ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጦ የሚታየው አጭርና አፈ ሰፊ መድፍ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በ7 ቶኑ ላይ ለጋሪው ራሱ 2 ቶን ቢጨመር ጠቅላላው 9 ቶን ይሆናል። እዚህ ላይ የጋሪው ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ከተሞች፣ ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦርና ወረታ፣ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ጋሪ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ጎማ ነው። ጥቅሙ የሚታየው በማራገፍ ጊዜ ነው፤ እንስሳው ተፈትቶ የጋሪው ፊት ወደ ላይ ሲለቀቅ ወለሉ በዘንጉ ላይ ያጋድልና ጭነቱ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። በሌላው ዓለም የእሽቅድምድም መኪና ያላቸው ሰዎች በቤታቸው በየዳ የሚሠሩት አጋዳይ ተሳቢም መርሑ ይኸው ነው፤ መኪናው በወለሉ ላይ ሲወጣ ክብደቱ ዘንጉን እንዳለፈ ወለሉ ተመልሶ ይተኛል፤ መወጣጫም ማንሻም አያስፈልግም። የዚህ አሠራር ብልኃት በሙሉ የክብደቱን ማእከል ለዘንጉ ቅርብ አድርጎ መያዝ ነው።

ለሴባስቶፖል ግን ይኸው ብልኃት ችግር ይሆናል። መድፉ በአንድ ዘንግ ላይ ቢቀመጥና የክብደቱ ማእከል ከዘንጉ 1.2 ሜትር ከፍ ቢል፣ በየ8 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ማእከሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። መጎተቻው እንጨት 4 ሜትር ቢረዝም ጫፉ በ260 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ወደ ላይ ይነሣል፤ በቁልቁለት ደግሞ በዚያው መጠን ጎታቾቹን ወደ ምድር ይጫናል። ተዳፋቱ በተለዋወጠ ቁጥር ይህ ይገለባበጣል። ስለዚህ ለገደላማ አገርና ለማይከፋፈል ጭነት ሚዛኑ ወደ ባለ አራት መንኮራኩር ጋሪ ያደላል። ባለ አራቱ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለበት፦ በጠባብ እጥፋት ላይ በቀላሉ አይዞርም። ይህም ዕዳ ወደ መንገዱ ይተላለፋል።

መሬቱም የራሱን ድርሻ ይወስናል። 9 ቶን በአራት መንኮራኩር ሲከፈል በእያንዳንዱ 22 ኪሎ ኒውተን ያህል ያርፋል። መንኮራኩሩ ምድሩን የሚነካው በ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል ብቻ ቢሆን ግፊቱ እርጥብ ጥቁር አፈር ሊሸከም ከሚችለው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ክረምት ሳይወጣ መነሣት የማይታሰብ ነበር ማለት ነው። ጉዞው በመስከረም ማብቂያ ተጀምሮ በመጋቢት መጠናቀቁ ከፖለቲካው ሌላ የአፈሩም ትእዛዝ አለበት።

መጎተቱ

ከደብረ ታቦር መቅደላ በአየር መስመር 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በጋይንት፣ በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሖር አልፎ ወደ ጅዳ ገደል ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደላንታ ሜዳ ይወጣና እንደ ገና ወደ በሽሎ ወንዝ ቁልቁል ይገባል። ጠመዝማዛነቱ ታስቦ ርቀቱ አንድ ተኩል እጥፍ ቢወሰድ 230 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያለ ከባድ ጭነት በቀን 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጦር ይህን በ15 ወይም 16 ቀን ይጨርሰዋል። ሴባስቶፖል በአማካይ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አልሞላም።

ለዚህ ቀርፋፋነት መጀመሪያ የሚታሰበው ምክንያት የጉልበት እጥረት ነው፤ ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። የጅዳን አቀበት እንውሰድ፤ ከወንዙ እስከ ደላንታ አፋፍ ወደ 1000 ሜትር ከፍታ አለው። መንገዱ በየ8 ሜትሩ 1 ሜትር እንዲወጣ ቢቀየስ ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጋሪውን ወደ ላይ ለመሳብ የስበትን ድርሻ ለማሸነፍ 11 ኪሎ ኒውተን፣ መንኮራኩሩ በአፈር ላይ ሲንከባለል የሚገጥመውን ተቃውሞ ለማሸነፍ ደግሞ 7 ኪሎ ኒውተን ያስፈልጋል፤ በድምሩ 18። አንድ ሰው በገመድ ሲጎትት ሳያቋርጥ 150 ኒውተን ያህል ቢሰጥ 120 ሰዎች በቂ ናቸው። መንኮራኩር ሲቀረቀር፣ ዳገቱ በድንገት ሲበረታ፣ የደከመውን ወገን መተካት ሲያስፈልግ ይህ ቁጥር በብዙ እጥፍ ማደጉ አይቀርም፤ ስለዚህ የዘመኑ ምስክሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎታቾችን መጥቀሳቸው ከሜካኒክሱ ጋር ይስማማል።

ጊዜው ግን እንዲህ አይደለም። 8 ኪሎ ሜትሩን ለመውጣት የሚያስፈልገው ሥራ 146 ሜጋ ጁል ያህል ነው። አንድ ሠራተኛ በአማካይ 75 ዋት ቢያመነጭና 500 ሰዎች ቢጎትቱ፣ ምንም ብክነት ከሌለ ሥራው ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ከጉልበታቸው ዐሥረኛው ብቻ ለመጎተቱ ውሏል ቢባል እንኳ 11 ሰዓት ነው፤ የአንድ ቀን ረጅም ድካም። ቁልቁለቱ ከዚህ የባሰ አደጋ ነበረበት፤ በዚያው ተዳፋት ላይ ጋሪው በ4 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ያመልጣል፤ ዳገቱ በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ ኋላ መያዝ ያለበት ኃይል ወደ 11 ያድጋል። ገመድ ከተበጠሰ የሚያቆመው የለም። ቢሆንም ይህ የጥንቃቄ እንጂ የሳምንታት ጉዳይ አይደለም።

መንገዱ

ሳምንታቱን የበላው ሌላ ነው። ባለ 9 ቶኑ ጋሪ ለእግረኛና ለበቅሎ በተሠራ ቀጭን መንገድ አይሄድም። በገደል ወገብ ላይ 3 ሜትር ስፋት ያለው መደብ መቆረጥ አለበት። የገደሉ ወገብ በየ2 ሜትሩ 1 ሜትር የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር መንገድ 2.25 ሜትር ኩብ ድንጋይና አፈር ይነሣል፤ ለ8 ኪሎ ሜትር 18 000 ሜትር ኩብ። በዶማና በመቆፈሪያ ድንጋያማ መሬት የሚቆፍር ሰው በቀን አንድ ሜትር ኩብ ቢያነሣ፣ ለአንድ ወገን አቀበት ብቻ 18 000 የሰው ቀን ያስፈልጋል። አንድ ሺህ ሰው ለ18 ቀናት ማለት ነው። የገደሉ ሌላኛው ወገን ይህን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ በሽሎም ይከተላል። ጋሪው የሚዞርባቸው ሰፋፊ እጥፋቶች ገና አልተቆጠሩም።

ለመጎተቱ 500 የሰው ቀን፣ ለመንገዱ 18 000። ግምቶቹ በግማሽ ቢሳሳቱ እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም። ከዚህ አንጻር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ደጋግመው የመዘገቡት አንድ ነገር ትርጉሙ ይለወጣል፤ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ በመንገዱ ሥራ ላይ ከሁሉ ቀድመው ይገኙ ነበር። ይህ ብዙውን ጊዜ የትሕትና ወይም የግትርነት ምልክት ተደርጎ ይተረጎማል። ስሌቱ የሚጠቁመው ከዚህ ይልቅ ሥራው የሚታነቅበትን ቦታ ለይተው ማወቃቸውን ነው። ጋፋት መድፍ ማፍሰስ ችላ ነበር፤ ያን መድፍ የሚቀበል ምድር ግን በአገሩ አልነበረም፤ ከመድፉ ጋር አብሮ መሠራት ነበረበት።

የናፒየር ጦር ንጽጽር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከዙላ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ርቀት ናፒየር በሁለት ወር ተኩል ገደማ አጠናቀዋል። ከባዶቹ መድፎች ከሕንድ በመጡ 44 ዝሆኖች፣ ቀላሎቹ ደግሞ በበቅሎ ተጭነው ነበር። ብልጫው የሀብት ብቻ ነበር ማለት በቂ አይደለም። የእንግሊዝ ጭነት ተከፋፍሎ በእንስሳ ጀርባ ስለሚሄድ ከመንገዱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ሴባስቶፖል ግን አንድ ወጥ ጓል ስለ ሆነ ከመንገዱ የሚጠይቀውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ዝሆን እንኳ ከበቅሎ የሰፋ መንገድ ይሻ ነበርና፣ የናፒየር ጦር ቤተ ሖር ሲደርስ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያስቆረጡትን መንገድ አገኘ፤ የጅዳንም ገደል በዚያው ወረደ። በአሥር ሺዎች የሰው ቀን የተቆረጠው መደብ ከመድፉ ቀጥሎ ያገለገለው ጠላትን ነው።

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ውጊያ «ቴዎድሮስ» የተባለው ሌላው ትልቅ መድፍ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል በአምባው ቀረ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ለመንገዱ ግን አምሳያ አልቆመለትም። በመስክ ሊፈተሽ የሚችለውም እርሱ ነው። በጅዳና በበሽሎ ወገብ ላይ የቀሩ የድንጋይ ድጋፎችና የተቆረጡ መደቦች ስፋታቸው፣ ተዳፋታቸውና የእጥፋታቸው ዙሪያ በሳተላይት መለኪያ ቢመዘገብ፣ እዚህ በግምት የተቀመጡት ሦስት አኃዞች፣ ማለትም የ3 ሜትሩ ስፋት፣ የአንድ ስምንተኛው ተዳፋትና የ8 ኪሎ ሜትሩ ርዝመት፣ በልኬት ይተካሉ። የእጥፋቶቹ ዙሪያ በተለይ የጋሪውን የፊት ዘንግ ዓይነት ሊነግር ይችላል፤ የማይዞር ዘንግ ያለው ባለ አራት መንኮራኩር ጋሪ ጠባብ እጥፋትን የሚያልፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ ስለ ሆነ፣ በየእጥፋቱ ጫፍ ከመንገዱ የወጣ ሰፊ ማረፊያ መኖር አለበት።